«70» የተጻፈበት ጦርና «50» የተጻፈበት ጦር፦ ከሁለት ዓመት አጠቃቀም በኋላ የተሰጠ ግምገማ

ወጣት ሴቶችን ጦር ውርወራ አሠለጥናለሁ። ላለፉት ሁለት ዓመታት ከውጭ የመጡ ሁለት የ600 ግራም ጦሮችን በልምምድ ሜዳችን ላይ ጎን ለጎን ስንጠቀም ቆይተናል። በአንደኛው ዘንግ ላይ «70»፣ በሌላኛው ላይ «50» የሚል ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ ጦሩ የተሠራለትን የውርወራ ርቀት በሜትር የሚያመለክት እንጂ ክብደቱን የሚናገር አይደለም፤ ሚዛን ላይ ሲቀመጡ ሁለቱም እኩል ናቸው፣ ርዝመታቸውም ለሴቶች በተፈቀደው ከ2.20 እስከ 2.30 ሜትር ባለው ልክ ውስጥ ነው። እጅ ውስጥ ሲገቡ ግን ፈጽሞ አይገናኙም።

«70» የተባለውን አስቀድሜ የገዛሁት ባርቦራ ሽፖታኮቫን በማሰብ ነበር። ይህች የቼክ አትሌት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 2008 በጀርመን ሽቱትጋርት 72.28 ሜትር ወርውራ፣ የኩባዋ ኦስሌይዲስ ሜኔንዴዝ በ2005 በሄልሲንኪ ያስመዘገበችውን የ71.70 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን አሻሽላለች። ልጆቼ የእርሷን ውርወራ በስልክ ደጋግመው ስለሚያዩ፣ እርሷ ለምትደርስበት ርቀት የተሠራ ጦር ቢይዙ ይበረታታሉ ብዬ ገመትኩ።

ግምቴ ስሕተት እንደነበር ያወቅሁት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ለከፍተኛ ርቀት የሚሠራ ጦር ዘንጉ ደረቅ ስለሆነ፣ የወርዋሪዋ ኃይል ከጫፍ እስከ ጭራ በዘንጉ መስመር ላይ በትክክል ካላረፈ አይታገሣትም። ከሠልጣኞቼ አንዷ አምስት ጊዜ ያህል ከወረወረች በኋላ ክርኗን በግራ እጇ ይዛ፣ «አሠልጣኝ፣ እዚህ ጋ ይነዝረኛል» አለችኝ። ጦሩም አየር ላይ ጭራው እየተወዛወዘ ሄዶ 30 ሜትር ሳይሞላ በጎኑ ወደቀ። እንዲህ ያለው ውርወራ በውድድር ቢሆን ኖሮ አይቆጠርም ነበር፤ ሕጉ ከሁሉ አስቀድሞ የብረቱ ጫፍ መሬት እንዲነካ ያዛል። በማግሥቱ «50» የተጻፈበትን ተውሼ ሰጠኋት። ዘንጉ ትንሽ እሺ ስለሚል የእጇን ስሕተት ተቀበለላት፣ በጫፉም ተተከለ። በዚያው ሳምንት የራሳችንን ገዛን።

የሽፖታኮቫን የውድድር ሕይወት ቀደም ብዬ በጥንቃቄ አንብቤው ቢሆን ኖሮ በግዢው ባልተሳሳትኩ ነበር። በ1981 በያብሎኔትስ ናድ ኒሶው የተወለደችው ሽፖታኮቫ በወጣትነቷ የሄፕታትሎን፣ ማለትም ሩጫ፣ ዝላይና ውርወራ የተጣመሩበት የሰባት ውድድሮች ስፖርት፣ ተወዳዳሪ ነበረች፤ ሩጫውንም ዝላዩንም ተምራ ነው ሙሉ በሙሉ ወደ ጦር ያደላችው። በኋላም የወንዶቹ ክብረ ወሰን ባለቤትና የሦስት ኦሊምፒኮች አሸናፊ ያን ዜሌዝኒ አሠልጥኗታል። በ2006 በጎተንበርግ በአውሮፓ ሻምፒዮና የብር ሜዳሊያ ስታገኝ 25 ዓመቷ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት በኦሳካ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች።

ለልጆቹ ዘወትር የማሳያቸው የቤጂንጉን የ2008 ፍጻሜ ነው። እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ የሩሲያዋ ማሪያ አባኩሞቫ በ70.78 ሜትር ስትመራ ቆየች። ሽፖታኮቫ በስድስተኛውና በመጨረሻው ሙከራዋ 71.42 ሜትር ወርውራ ወርቁን ወሰደች። ልጆቹ ርቀቱን ሲያደንቁ እኔ የማስቆማቸው ከመልቀቋ በፊት ባለው ቅጽበት ላይ ነው፦ ግራ እግሯ ተተክሎ፣ ዳሌዋ ቀድሞ ዞሮ፣ ክንዷ ገና ከኋላ ተዘርግቶ ይታያል። ደረቅ ጦር የሚሠራው እንዲህ ላለ አካል ነው። አባኩሞቫ በኋላ በዶፒንግ ምክንያት የቤጂንጉን ብር ተነጥቃለች፤ በ2011 በዴጉ የወሰደችው የዓለም ሻምፒዮና ወርቅም ለሽፖታኮቫ ተላልፏል። ሽልማቱን በሰዓቱ፣ በሕዝብ ፊት አለመቀበሏ እስካሁን ያሳዝነኛል።

በ2012 ለንደን ላይ በ69.55 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቋን ደገመች። በ2013 ወልዳ በቀጣዩ ዓመት በዙሪክ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነች፤ በ2017 በ36 ዓመቷ እንደገና የዓለም ወርቅ አገኘች። ሁለተኛ ልጇን ወልዳም ተመልሳ በ2022 ሙኒክ ላይ በ41 ዓመቷ ነሐስ ወስዳ ከውድድር ተሰናበተች። ከእናቶቻቸው «ስታገቢ ትተዪዋለሽ» የሚባሉ ልጆችን ለማሠለጥን ለእኔ፣ ይህ ከክብረ ወሰኑ ይልቅ የሚጠቅም ታሪክ ነው።

ወደ ጦሮቹ ስመለስ፣ የ«50»ው ጉድለት መያዣው ነው። የገመዱ ጥምጥም በሦስተኛው ወር ከኋላ በኩል ተፈታ፤ የሸጠልን ሱቅም ሊቀይርልን ፈቃደኛ ስላልነበረ ራሳችን አጥብቀን መልሰን ጠመጠምነው። ዘንጉ ግን ድንጋያማ በሆነው ሜዳችን ላይ እንኳ አልጎበጠም፣ ጫፉም አልላላም። ያገለገለ ጦር መግዛት ለምታስቡ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፦ በ1999 የሴቶች ጦር ሚዛን ወደ ፊት እንዲያደላ ተደርጎ ሕጉ ስለተለወጠ፣ ከዚያ በፊት የተሠራ ለውድድር አይሆንም። የምሥራቅ ጀርመኗ ፔትራ ፌልከ በ1988 የወረወረችው 80.00 ሜትርም የአሮጌው ጦር ውጤት ስለሆነ ከዛሬው ጋር አይወዳደርም። ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑ ልጃገረዶችም ትክክለኛው የ500 ግራሙ ነው።

«70» የተጻፈበት ጦር አሁን በመጋዘናችን ግድግዳ ላይ በአግድም ተሰቅሏል። ክርኗን የነዘራት ልጅ ባለፈው ወር በ«50»ው 41 ሜትር ወርውራለች፤ ያንን ደረቁን እንድትሞክረው አልፈቀድኩላትም፣ 50 ሜትር እስክትቀርብም አልፈቅድላትም።