የደብረ ብርሃኖቹ ልጆች የሬጌ አልበም

ሬጌ ነው ተብሎ የሚሸጥልን ዘፈን አብዛኛው ሬጌ አይደለም። ጊታሩ ቸክ ቸክ ካለ፣ ዘፋኙም መሀል ላይ አምላክን «ጃ» ብሎ ከጠራ የበቃ ይመስላቸዋል። ነገሩ ያለው ግን ድራሙ ላይ ነው። ከአራቱ ምት የመጀመሪያው ባዶ ይተዋል፤ ትልቁ ከበሮ የሚያርፈው ሦስተኛው ላይ ነው። ጃማይካዎቹ ዋን ድሮፕ ይሉታል። የቦብ ማርሌይ ባንድ የዌይለርሱን ድራመር ካርልተን ባሬትን ዓለም ያወቀው በዚህ ምት ነው፤ ወንድሙ አስተን ደግሞ ቤዙን ይዞ መቼ ዝም እንደሚባል ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

የደብረ ብርሃኖቹ ልጆች ያንን ባዶ ምት አልፈሩትም፤ አልበማቸውን የወደድኩት መጀመሪያ በዚህ ነው። አምስት ናቸው። አሳታሚ የላቸውም። ቅዳሜ ማታ ሆቴል እየተጫወቱ ባጠራቀሙት ብር ስቱዲዮ ገብተው ዘጠኝ ዘፈን ቀዱ። እኔ በአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት መስመር ዶልፊን ስለምነዳ ሙዚቃ የምሰማው መንገድ ላይ ነው። ብዙ የአገር ውስጥ ሥራ ቤዙን ከፍ ሳደርገው ስፒከሩ ይንጫጫል፣ ድምፁ ሁሉ ይደበላለቃል። የነዚህ ግን ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ፣ የሞተሩ ጩኸት ከግድግዳው እየተመለሰ እንኳ የቤዙ እያንዳንዱ ምት ለብቻው ይሰማል። ቀረጻው ላይ ማን እንደሠራ ባላውቅም እጁ ይባረክ።

አራተኛው ዘፈን ላይ ትንሽ ልቆይ። ጊታሩ ዝም ይልና እሱ ይመታበት በነበረው ቦታ ማሲንቆ ይገባል። ተጫዋቹ እንደለመድነው ደጋኑን አያስረዝምም፤ ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ብቻ ጭረት እያደረገ ያነሳዋል። የጭራው ሻካራ ድምፅ ሳይቀር ይሰማል። ቅኝቱ ባቲ ነው። ግጥሙ ባና ለሚባለው ብርድ ልብስ በክረምት የበግ ፀጉር የምትፈትል የመንዝ እናት ታሪክ ነው፤ ዘፋኙም ድምፁን ሳያስጨንቅ፣ እናቱን እንደሚያጫውት ሆኖ ይዘፍነዋል። ጋቢና የተቀመጡ አንድ አባት «ልጄ፣ እስቲ እቺን ድገማት» አሉኝ። ሬጌ ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም፤ እስከ ደብረ ሲና ድረስ ግን በጉልበታቸው ላይ ምቱን ይቆጥሩ ነበር።

የደሴት ሙዚቃ ሲባል ሰው ባሕርና ሙቀት ይጠብቃል። እነዚህ ልጆች በብርድ አገር አድገው ስለ ብርድ መዝፈናቸው ነው ሥራውን የራሳቸው ያደረገው። ሰባተኛው ዘፈን ላይ ግን ይህን ረሱት። በእንግሊዝኛ፣ የጃማይካ ዋና ከተማ የኪንግስተን ልጅ አነጋገር እየተከተሉ፣ ስለ ባሕር ዳርቻ ይዘፍናሉ። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃንሆይ ኪንግስተን ሲያርፉ አውሮፕላኑን ከቦ የተቀበላቸው ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ የሚያይ ሕዝብ ነው። የራሱን አነጋገር መልሰን እንድንሰጠው የሚፈልግ አይመስለኝም። ያቺን ዘፈን ዘልላችሁ እለፉ።

ሁለተኛውም ላይ የኪቦርዱ ድምፅ ርካሽ ነው፤ የሠርግ ቤት ኪቦርድ። እዚያም ማሲንቆውን ቢያስገቡት ኖሮ እላለሁ።

ሌላው ቅሬታዬ ስም አለማውጣታቸው ነው። ተሳፋሪ «የማን ነው?» ሲለኝ «የደብረ ብርሃኖቹ ልጆች» ብዬ ዝም እላለሁ። ሰውየው በኋላ በምን ስም ይፈልጋቸው? ልጆች፣ እባካችሁ ስም አውጡ።

ፍላሽ ይዛችሁ ቅዳሜ ማታ የሚጫወቱበት ሆቴል ከሄዳችሁ ራሳቸው በ200 ብር ይጭኑላችኋል። ሾፌር ጓደኞቼ ከኔ መገልበጥ ፈልጋችሁ እየጠየቃችሁኝ ነው። አልገለብጥም። ልጆቹ ሁለተኛ አልበም የሚሠሩት በዚያች ብር ነው፤ ሄዳችሁ ከእጃቸው ግዙ።