ከኋላ ያለችው ቁልፍ፦ ቶማሆክ ማክስ ማዘርቦርድን ለወራት ተጠቅሜበት

ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩን ዕቃዎች ሁሉ የሚያገናኘውን ዋና ቦርድ) ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ጀርባውን እዩት። ከዩኤስቢ ማስገቢያዎቹ አጠገብ «ፍላሽ ባዮስ» የሚል የተጻፈባት ትንሽ ቁልፍ ካለች ያዙት፣ እንዳትለቁት፤ ባዮስ የሚባለውን ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ ፕሮግራም የምትጭን ቁልፍ ናት። እኔ ደሴ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ኮምፒውተሬን ራሴ ነው የገጣጠምኩት፤ ማዘርቦርዱም ኤምኤስአይ ቢ450 ቶማሆክ ማክስ ነው። ወራት ሰርቼበታለሁ። ስለ ድምፁ፣ ስለ ኔትወርኩ፣ ስለ ራሙ ብዙ የምለው የለኝም፤ ይሰራል። ስለዚች ቁልፍ ግን ዝም ማለት አልችልም።

ስገዛ ሻጩ ሐሳቤን አልወደደልኝም ነበር። «አብሽር ወንድሜ፣ ይቺ ትበቃሃለች» እያለ ረከስ የሚል ኤ320 ቦርድ ያቀብለኛል። ቁልፏን ሳሳየው ደግሞ «እሷን ማን ይነካታል? ባዮስ አንዴ ከተጫነ ተጫነ ነው» አለኝ። እሺ፣ ቆይ።

ጥር ገባ። ሰርግ በሰርግ ላይ ተደራረበ። የድሮው ፕሮሰሰሬ ራይዘን 5 2600 አንዱን ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲያደርግ ሌሊቱ ይጋመሳል። ስለዚህ ራይዘን 5 5600 ገዛሁ። ኤኤም4 የሚባለው ሶኬት (የፕሮሰሰሩ መቀመጫ) ደስ የሚለው እዚህ ላይ ነው። ቢ450 በፈረንጆቹ 2018 የወጣ ቺፕሴት ነው፤ 5600 ደግሞ የ2022 ፕሮሰሰር። ቦርድ ሳትቀይሩ ገጥሞ ይሰራል። ግን አንድ ነገር ይቀድማል፤ የቆየ ባዮስ አዲሱን ፕሮሰሰር ስለማያውቀው መታደስ አለበት።

አዲሱን ፋይል አውርጄ እድሳቱን ጀመርኩ። ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ላይ ነው የተሰካው። እድሳቱ ገና ግማሽ ሳይደርስ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ጥቂት ጮኸና እሱም ተከተለ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ባዮስ ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ የሚቀመጥ ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃው እሱ ነው፤ ፕሮሰሰሩንና ራሙን ቀስቅሶ ሥራ የሚያስጀምረው። ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ከቀረ ቦርዱ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። መብራት ሲመለስ ፋኖቹ ዞሩ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር። ተራ ቦርድ ቢሆን ቺፗን ፕሮግራም የሚያደርግ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ልፈልግ ነው። እሱ ካልተገኘ ቦርዱን ነቅዬ 400 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ ልልክ ነው። ሙሽሮቹ ደግሞ በየቀኑ ይደውላሉ።

እኔ ግን ቁልፏ ነበረችኝ። በጓደኛዬ ላፕቶፕ ፍላሽ ዲስኩን ፋት32 አድርጌ ፎርማት አደረግኩት። የባዮሱን ፋይል ስሙን ኤምኤስአይ ነጥብ ሮም (MSI.ROM) ብዬ ቀየርኩና ፍላሹ ላይ ብቻውን አስቀመጥኩት። ከኋላ ለዚህ ሥራ ምልክት የተደረገባት አንዲት ዩኤስቢ አለች፤ እሷ ላይ ሰካሁት። ቁልፏን ጥቂት ሰከንድ ተጭኜ ያዝኩ። መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። አጠገቡ ተቀምጬ እሷን እሷን አያለሁ። ደቂቃዎች ሄዱ። ጠፋች፤ ጨርሳለች ማለት ነው። ኮምፒውተሩን ሳበራው ስክሪኑ ላይ ምስል መጣ። አልሃምዱሊላህ!

ይህን ሥራ የምትሠራው ለብቻዋ የተቀመጠች ሌላ ትንሽ ቺፕ ናት። ስለዚህ ፕሮሰሰር ባይኖር፣ ራም ባይኖር ግድ የላትም፤ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጡት ሁለቱ ገመዶች፣ የቦርዱና የፕሮሰሰሩ፣ ከተሰኩ ይበቃታል። መሀል ላይ መብራት እንደገና ቢጠፋስ? እንደገና ትጫኗታላችሁ፤ በቃ። እንደ እኛ አካባቢ መብራት ሳይናገር ለሚሄድበት ሰው ከዚህ የበለጠ ምን አለ?

አሁን «ለዚህ ብለህ ያን ሁሉ ብር ጨመርክ?» የሚለኝ ሻጭ ካለ፣ አዎ፣ ጨመርኩ። ነገም እጨምራለሁ። «ዋይፋይ የለውም» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ የለውም፤ ኬብል ዘርግቼ እጠቀማለሁ። «ኤም ነጥብ 2 ማስገቢያው አንድ ብቻ ነው» ቢለኝም እውነቱን ነው። ፈጣኑ ዲስክ የሚሰካው እዚያ ስለሆነ እሱ ያናድደኛል፤ የቪዲዮ ፋይል ቦታ ይበላል። ግን ስድስት የሳታ ማስገቢያ ስላለው የድሮ ዲስኮቼን ሁሉ ሰክቼበታለሁ። የሚያበራ ጌጥ ደግሞ ኤክስፖርት አያፈጥንልኝም።

አዲሱ ፕሮሰሰር ገብቶ ሥራው ቀሎልኛል። ደሴ ብርዱ ስለሚያግዝ ሙቀት አስጨንቆኝ አያውቅም፤ የኮምቦልቻ ልጆች ግን ለኬሱ ጥሩ ፋን አስቡበት።

ስትገዙ «ማክስ» የሚለው ቃል ካርቶኑ ላይ መኖሩን እዩ። ማክስ ያልሆነውም ቶማሆክ ቁልፏ አለችው፤ የባዮስ ቺፑ ግን 16 ሜጋባይት ብቻ ነው፣ የማክሱ 32፤ ሰፋ ያለውን ምረጡ። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ፋይሉ የተጫነበት ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቅ ውስጥ ቁልፏን አስሞክሩ። ሻጩ «አብሽር፣ ይሰራል» ቢላችሁም መብራቷ ስትበራ ሳታዩ ብር እንዳታወጡ።