በፌስታል የወሰድኩትን መጽሐፍ ሰፍተው ለሰጡኝ ጠራዥ

መጽሐፌን ወደ እርሳቸው የወሰድኩት በፌስታል ነው። ቅደም ተከተላቸው የተዘበራረቀ 140 ያህል ቅጠሎች፣ ለሁለት የተቀደደ ሽፋን፣ በየቦታው የጠቆረ ስኮች። አባባ (ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለ ለመኑኝ እንዲሁ አባባ እላቸዋለሁ) መነጽራቸውን አደረጉና አንዷን ቅጠል በሁለት ጣታቸው አንስተው ወደ መስኮቱ አዞሯት።

«ይሄን ሁሉ በእርሳስ የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፤ የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ።»

«እንግዲያው እርሳሱ ሳይነካ ነው የምሠራው» አሉና ቅጠሏን መልሰው አስቀመጧት። ስለ ዋጋ ገና አልተነጋገርንም ነበር።

መጽሐፉ የእንግሊዛዊው ደራሲ የጄ. አር. አር. ቶልኪን «ሆቢት» ነው፤ ድንኮችና ዘንዶ ያሉበት የልጆች ልብ ወለድ። አባቴ በ1991 ዓ.ም. አራት ኪሎ መንገድ ዳር ዘርግተው ከሚሸጡት ገዛልኝ። እንግሊዝኛ ብዙም አያነብም፤ ሽፋኑ ላይ ዘንዶ አይቶ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታሪክ መስሎት ነው። የእኔም እንግሊዝኛ የአምስተኛ ክፍል ነበር። መዝገበ ቃላት ጎኔ አድርጌ በቀን አንድ ገጽ፣ ሲቀናኝ ሁለት እገፋ ነበር። «ሆቢት» ምን እንደሆነ ለማወቅ ብቻ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ በ«ኤች» ፊደል ውስጥ ስንከራተት ውያለሁ።

ከታሪኩ በፊት የያዘኝ ካርታው ነበር። መጽሐፉ ሲከፈት ደራሲው ራሱ የሣለው የድንኮቹ ካርታ አለ፦ ዘንዶው የተኛበት ተራራ፣ ከተራራው የሚወጣ ወንዝ፣ የማይነበቡ ፊደላት። ትምህርት ቤት ሰሜን ሁልጊዜ ከላይ ነው ተብለናል፤ እዚህ ካርታ ላይ ግን ከላይ ያለው ምሥራቅ ነው፣ ሰሜን በግራ ይውላል። አታሚው ያጣመመው መስሎኝ ሳምንት ያህል መጽሐፉን አጋድሜ ስመረምረው ከረምኩ። የድንኮች ካርታ ልማዱ እንደዚያ መሆኑ በመቅድሙ ላይ ተጽፏል፤ እኔ ግን መቅድም የማነብ ልጅ አልነበርኩም።

በታሪኩ ውስጥ ይህ ካርታ የጨረቃ ፊደላት አሉት። ጨረቃ ከበስተጀርባቸው ካላበራች አይታዩም፤ ያውም በተጻፉበት ቀን የነበራትን ቅርጽ ይዛ፣ በዚያው ወቅት። በመጽሐፉ መጨረሻ ሁለተኛ ካርታ አለና እዚያም የተደበቀ ነገር እንደሚኖር ጥርጥር አልነበረኝም። ጨረቃ በሞላች ሌሊት ከአልጋዬ ተነሥቼ ጓሮ ወጣሁ፤ ገጹን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ብርድ እስኪያንቀጠቅጠኝ ቆምኩ። ምንም አልታየም። እናቴ በበሩ ብቅ አለች፤ ጸሎት ላይ ያለሁ መስሏት ቀስ ብላ ተመልሳ ገባች። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። እማዬ፣ ይኸው።

ከዚያ በኋላ መቅድሙን ማንበብ ግድ ሆነብኝ። ፊደላቱ የጥንት እንግሊዞች ይጽፉባቸው የነበሩትን ሩን የሚባሉ ፊደላት የተከተሉ ናቸው፤ ቃሉ ግን እንግሊዝኛ ነው። አንድ በአንድ ፈታኋቸው፤ ድምፃቸውን በኅዳጉ ላይ በእኛ ፊደል ጻፍኩ። አባባ ያዩት እርሳስ ይህ ነው።

ዛሬ የምተዳደረው በቅየሳና በካርታ ሥራ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ለምን ይህን እንደ መረጥኩ ለዘመድ አዝማድ ብዙ የተከበረ ምክንያት ሰጥቻለሁ፤ ዋናው ግን ያ ጠማማ ካርታ ነበር። አንድ ጊዜ በመስክ ሥራ ላይ አንድ አዛውንት ገበሬ የማሳቸውን ወሰን መሬት ላይ በዱላ ሣሉልን። የሥራ ባልደረባዬ ላይኛውን ጠርዝ ሰሜን ብሎ መዘገበው። እኔ «አባቴ፣ ከላይ ያለው ወዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ፀሐይ መውጫ ነዋ!» አሉ፤ ሌላም ሊሆን እንደሚችል ያሰብኩት እያስገረማቸው። 1 ለ50,000 በሆነው ካርታችን ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 500 ሜትር ነው፤ እዚያ ላይ ወሰኑን አሽከርክሮ ማስቀመጥ ጎረቤት ከጎረቤት ያጣላል።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። ከዓመታት በፊት ገጾቹ መውደቅ ሲጀምሩ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄው ነበር። በስኮች ጠቀለሉት፣ ዳር ዳሩን «ለማስተካከል» በማሽን ቆረጡት፤ ከእርሳስ ጽሑፌም ጥቂት ፊደላት አብረው ሄዱ። ስኮቹ ብዙም ሳይቆይ ደረቀ፣ ወረቀቱንም አጠቆረው።

አባባ እንዳስረዱኝ ርካሽ መጽሐፍ ሲሠራ ስፌት የለውም። ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ተቆርጠው ጀርባቸው በሙጫ ብቻ ይያያዛል፤ ሙጫው ሲያረጅ እንደ ብስኩት ይሰበራል። እርሳቸው ከአባታቸው የተማሩት ብራና መጠረዝን ነው፤ እዚያ መጽሐፉን የሚይዘው ስፌቱ ነው። ለእኔም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የተነጣጠሉትን ቅጠሎች በቀጭን ወረቀት ሁለት ሁለት እያደረጉ አጋጠሙ፤ 70 ያህል ጥንድ ሆኑ። አራት አራቱን አጥፈው ጥራዝ ሠሩ፣ በወስፌ በሱ፣ በሰም በታሸ ክር ሰፉ። ለተቀደደው የስንዴ ዱቄት ሙጫ ተጠቀሙ፤ ነገ ሌላ ጠራዥ ቢመጣ በውኃ እንዲለቅለት ብለው። ስኮቹን በሙቀት እያላሉ አነሡት። ጥቁር ምልክቱ ግን ቀርቷል፤ እርሱን ልፋቅ ካልኩ ፊደሉ አብሮ ይነሣል አሉኝ። ከኅዳጉ አንዲት ሚሊ ሜትር አልቆረጡም። ካርታው አሁን እስከ መሐሉ ድረስ ይከፈታል፤ አዲስ ሳለም እንዲህ አይከፈትም ነበር።

አምስት ሳምንት ፈጀ፣ 1,800 ብር ከፈልኩ። ከመጽሐፉ ዋጋ በላይ ነው ያሉኝ አሉ፤ አዎ፣ በብዙ እጥፍ። እኔ የቸኮልኩት ለእህቴ ልጅ ነው። ይህ መጽሐፍ በፈረንጆቹ 1937 ከመታተሙ በፊት የለንደኑ አሳታሚ ረቂቁን ያስነበበው ለ10 ዓመት ልጁ ነበር። ልጁ ለድካሙ አንድ ሽልንግ ተከፍሎት፣ ከ5 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ይስማማል ብሎ ፈረደ። የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር 10 ዓመት ይሞላታል፤ በፍርዱ መሠረት ጊዜው ሊያልፍባት ነው።

አባባን ለሚፈልግ አድራሻቸውን በግል መልእክት እሰጣለሁ። ዳዊት፣ የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የአያት ማስታወሻ ደብተር፣ የተማሪ መጽሐፍ፣ ሁሉንም በአንድ ዓይን ያዩታል። ለሳምንት መጨረሻ የሚያስፈልገው ግን ወደ እርሳቸው አይሂድ፤ ስልክም ብዙ አያነሡም፣ ጠዋት በአካል መሄድ ይሻላል። የወደቀውን ሁሉ፣ ብጥስጣሹንም ጭምር፣ በፌስታል ሰብስባችሁ ውሰዱ። ስኮች አትለጥፉበት፤ ከለጠፋችሁም ራሳችሁ አትንቀሉት።

አባባ፣ እጅዎ ይባረክ። ሁለተኛውን ካርታ ሲሰፉ ምናልባት ያዩት ነገር ካለ ደግሞ ይንገሩኝ።