ሳቢያን ያለው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦ ከመፍታቱ በፊት ይለካል

ሳቢያን ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ካለው የጋራዥ ሰፈር፣ በሩ ላይ «የመኪና ኤሌክትሪክ» ብቻ የተጻፈበት ኮንቴይነር አለ። ሌላ ስም የለውም። ድሬዳዋ ውስጥ የዲናሞ (ሞተሩ ሲዞር ባትሪውን የሚሞላው) ወይም የባትሪ ጣጣ ያለባት መኪና ካለቻችሁ እዚያ ውሰዷት። ሰውየው ከዚህ በፊት በሄድኩባቸው ቦታዎች ያላየሁትን ነገር ያደርጋል። ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ይለካል።

መኪናዬ አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ናት። ከሐረማያና ከአወዳይ ድንች፣ ጎመንና ካሮት ጭኜ ድሬ አወርዳለሁ። የምነሳው ገና ሳይነጋ ስለሆነ መብራት ለኔ ሥራዬ ነው። ከሐረማያ ወደ ድሬ የሚወርደውን የደንገጎን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ክረምት ላይ ጭጋግ ይወርዳል፣ ከኩርባው ጀርባ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም። እዚያ ቦታ ላይ ነው የፊት መብራቴ መድከም የጀመረው። ከከባድ መኪና ኋላ ቀስ እያልኩ ስከተል ይደበዝዛል። የዝናብ መጥረጊያውንና ቬንትሌተሩን ስጨምርበት ጭራሽ ይብሳል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አንዴ ያቃስትና ዝም ይላል። ሰው ለምኖ ማስገፋት ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ «ባትሪው ሞቷል» አለኝ። አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ትንሽ ሰነበተና ያው ችግር ተመለሰ። ሁለተኛ ስሄድ «እንግዲያው ዲናሞው ነው፣ ይቀየር» ተባልኩ። ለማረጋገጥ ያደረጉት ነገር እስካሁን ያናድደኛል። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቀሉት። እባካችሁ ይህንን ማንም በመኪናችሁ ላይ እንዲያደርግ አትፍቀዱ። የቮልቴጅ ዝላይ ሲመጣ የሚውጠው ባትሪው ነው። እሱ ሲነቀል ዲናሞው በድንገት ከልክ በላይ ቮልት ሊለቅ ይችላል። ቮልቱን የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተር፣ ኤሌክትሪኩን ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን ዳዮዶች፣ አዳዲስ መኪና ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩን ጭምር ሊያቃጥል ይችላል። ደግሞ ምንም አያረጋግጥም። ሞተሩ አለመጥፋቱ ዲናሞው የሆነ ነገር እያመነጨ መሆኑን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ምን ያህል እንደሆነ፣ ባትሪው ጋ ምን ያህሉ እንደሚደርስ አይነግራችሁም።

መኪናዬን ይዤ ወጣሁ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ነው ሳቢያን ወዳለው ሰውዬ የላከኝ።

ስደርስ ረዳቱ ልጅ ኮፈኑን ከፍቶ ቁልፍ ይዞ ተጠጋ። ሰውየው ከውስጥ ሆኖ «አቦ ቁልፉን ተወውና ቴስተሩን አምጣ!» አለው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ጠየቀኝ። «ስትቆሚ ነው ወይስ ስትሄጂ የሚደክመው? ሌሊት ሳይጠፋ የሚቀር መብራት አለ? ሞተሩ ወርዶ ያውቃል?» ሞተሩ ከዓመታት በፊት ለጥገና ወርዶ እንደነበር ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። በኋላ ነው ለምን እንደጠየቀ የገባኝ።

መጀመሪያ የለካው ባትሪውን ነው፣ ሞተሩ ጠፍቶ። ሙሉ የሆነ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። የኔ 12.1 ነበር። አዲስ ባትሪ፣ ግን ግማሽ እንኳ ያልሞላ። ስናስነሳው ከ9.6 በታች አልወረደም፣ ስለዚህ ባትሪው ራሱ ጤነኛ ነው። ሌሊት ባትሪውን የሚያፈስ ነገር እንዳለና እንደሌለም አየ። መኪናው ተቆልፎ ከ50 ሚሊአምፒር በታች ነው የሚወስደው፣ ደህና ነው። ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ መወጠር በእጁ ሞከረ። የዲናሞውን ዳዮዶች በቴስተሩ የኤሲ (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) መለኪያ አየ። እዚህም ችግር የለም።

ዋናው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሞተሩን አስነስቶ ሁሉንም እንድከፍት አዘዘኝ፦ ትልቁን መብራት፣ ቬንትሌተሩን በሙሉ ኃይል፣ መጥረጊያውን። ነዳጅ ጨምሬ ሞተሩን ወደ 2,000 ዙር እንዳደርሰው ነገረኝ። ባትሪው ላይ 13.2 ቮልት አነበበ። ዲናሞው ጀርባ ላይ 14.4። ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው፤ 1.2 ቮልት ግን መንገድ ላይ ይጠፋል። ነዳጁን ስለቀው ባትሪው ላይ ያለው ወደ 12.5 ወረደ። ይህ ማለት መኪናዋ ከባትሪው ላይ እየበላች ነው ማለት ነው። ደንገጎ ላይ ከከባድ መኪና ኋላ ስጎተት የሚሆነው ይኸው ነበር።

የጠፋውን የፈለገበት መንገድ ነው ያስደነቀኝ። ቴስተሩን በቮልት ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ ዲናሞው ጀርባ ያለው ወፍራም ብሎን ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ፕላስ ላይ አሳረፈ። ገመዱ ላይ ሳይሆን የባትሪው የእርሳስ ብረት ራሱ ላይ። ሞተሩ እየሠራ፣ ሁሉም በርቶ። 0.9 ቮልት አሳየ። ከዚያ በማሳ (ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል በሚመለስበት መስመር) በኩል፣ ከዲናሞው አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ። 0.3። ሁለቱን ደምሩት፣ የጠፋው 1.2 ተገኘ። እንደሱ አባባል እንዲህ ሁሉም በርቶ እያለ በፕላስ በኩል ከ0.3፣ በማሳ በኩል ከ0.2 ከበለጠ ይፈለጋል። ከዚያ አንዱን ጫፍ ሳያነሳ ሌላውን በገመዱ ላይ አንድ አንድ ደረጃ እያስጠጋ ሄደ። ቁጥሩ በድንገት የወረደው ዋናው ፊውዝ ያለበት መጋጠሚያ ላይ ነው። ላስቲኩን ሲገልጠው ሽቦው አረንጓዴ ሆኗል። ጥቂት ክሮች ብቻ ቀርተዋል።

«ታዲያ ያኛው ጋራዥ ገመዱን በቴስተር ፈትሾ ደህና ነው ብሎኝ ነበር እኮ» አልኩት። የሰጠኝን መልስ ለሁላችሁም ይጠቅማል ብዬ እጽፈዋለሁ። ቴስተር በኦም (ሽቦው ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚያግድ) ሲለካ የሚልከው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ነው። ለዚያ ትንሽ ነገር ሁለት ክር ሽቦ ከበቂ በላይ ነው፣ ስለዚህ ገመዱ ደህና ይመስላል። መኪናው ግን 40 አምፒር ያልፍበታል። ያኔ ነው የሚታነቀው። 40 አምፒር በ0.9 ቮልት ሲባዛ 36 ዋት ይሆናል፣ እሱም መጋጠሚያው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። እጄን አስጠግቼ አየሁት፣ ይፋጃል። ድሬ ሙቀት ላይ ይህ ሲጨመር አንድ ቀን እሳት ሊነሳ ይችል ነበር።

የማሳው ጉዳይ ደግሞ ከሞተሩ መውረድ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ሲመልሱት ከሞተር ወደ ሻንሲ የሚሄደውን ገመድ ቀለም የተቀባ ቦታ ላይ አስረውታል። ቀለሙን ፍቆ፣ ብረቱን አብርቶ፣ በአዲስ ገመድ አሰረው። ወፍራሙን የዲናሞ ገመድ በመዳብ ቀየረው፣ ጫፉን ጨምቆ በየደው። ከዚያ፣ ብዙ ሰው የማያደርገውን፣ እንደገና ሁሉንም አስከፍቶ ለካ። በፕላስ 0.15፣ በማሳ 0.05፣ ባትሪው ላይ 14.2። ቁጥሮቹን ራሴ እንዳያቸው ጠራኝ።

ዲናሞው ለምን ራሱ አላስተካከለውም ብዬ ነበር። አንዳንድ መኪና ላይ ባትሪው ጋ ያለውን ቮልት የምታነብ ቀጭን ሽቦ አለች፣ ዲናሞው የጎደለውን በእሷ አይቶ ይጨምራል። የኔ ላይ የተገጠመው የሚያነበው ከራሱ ጀርባ ነው። ከሱ በኋላ የሚጠፋውን አያውቅም።

ሌላ ቀን ተመልሼ የፊት መብራቱን አሳየሁት። ከባትሪው እስከ አምፖሉ 1.1 ቮልት ይጠፋል። ሁሉም ኤሌክትሪክ በማብሪያው ውስጥ ስለሚያልፍ ነው። ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) አስገብቶ አምፖሉ ቀጥታ ከባትሪው እንዲያገኝ አደረገ። ትንሽ ቮልት ምን ያመጣል እንዳትሉ። ቮልቱ በ10 በመቶ ሲጎድል ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። አሁን ደንገጎ ላይ የመንገዱን ጠርዝ አያለሁ። ሥራዋ ሌሊት የሆነ ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባታል።

ስለ ባትሪም የነገረኝ አለ። ድሬ ላይ ባትሪን ቶሎ የሚገድለው ሙቀቱ ነው። ውሃው ይተናል፣ ውስጡ ያሉት ዝርግ ብረቶች ይበላሉ። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ካላችሁ ውሃውን እያያችሁ በዲስትልድ ውሃ ብቻ ሙሉ። የድሬ የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት የምታውቁ ሰዎች ባትሪ ውስጥ አትጨምሩት።

ዋጋው፦ ለምርመራ ብቻ 500 ብር ይወስዳል፣ ሥራውን እዚያው ካሠራችሁ ይቀንስላችኋል። የኔ የመጀመሪያው ሥራ ገመዱን ጨምሮ 2,300 ብር ነው። ለምርመራ መክፈል ለብዙ ሰው ይከብደዋል፤ «አይቶ ብቻ ነው እኮ» ይላሉ። እኔ ግን ለማየቱ ነው የከፈልኩት፣ እከፍላለሁም። ለማያስፈልገኝ ባትሪ የወጣው ገንዘብ ከዚህ በብዙ ይበልጣል።

ቅር ያለኝም አለ። መቀመጫ የለም፣ ጥላ የለም። ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ነው የምትጠብቁት፣ ቢያንስ አንድ ሸራ ቢዘረጋ ጥሩ ነበር። ስልክ ብዙም አያነሳም። መለዋወጫ አያስቀምጥም። የዲናሞ ካርቦን ወይም ሬጉሌተር ካስፈለገ ራሳችሁ ገዝታችሁ መምጣት አለባችሁ፣ ያመጣችሁት ካላማረው ደግሞ አልገጥምም ይላል። ቸኩሎ የሚሠራ ሰውም አይደለም። ሁለት መኪና ከፊታችሁ ካለ ግማሽ ቀን ሄደ በሉ።

ጠዋት ከ2 ሰዓት ጀምሮ አለ። ከ6 ሰዓት በኋላ በሙቀቱና በበርጫው ምክንያት ይዘጋል፣ 10 ሰዓት ገደማ ይመለሳል። መኪናችሁ ጠዋት የማትነሳ ከሆነ ማታውኑ ሰፈሩ አድርሷትና እዚያው አሳድሯት። ጠዋት ሳትነሳ የሚያሳየውን ቁጥር ማየት ይፈልጋል።