14 ወር ከኤሮ ኤክታር ጋር፦ የጦር አውሮፕላን ሌንስ በላርጅ ፎርማት (ትልቅ ፊልም በሚጠቀም) ካሜራ ላይ

ሌንሱ እጄ በገባ ዕለት መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው ቀለሙ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ አቁሜ ከላይ ወደ ታች ሳይበት ወረቀቱ ሻይ የፈሰሰበት መሰለኝ። የሸጠልኝ ሰው «ቅቡ ነው» ብሎኝ ነበር፤ መስታወቱ ላይ የሚቀባውን ስስ ሽፋን ማለቱ ነው። ቅቡ አልነበረም፤ የጠቆረው መስታወቱ ራሱ ነው። በኤሮ ኤክታር ውስጥ ካሉት መስታወቶች ቶሪየም የተባለ ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር የተቀላቀለባቸው አሉ። ቶሪየም መስታወቱ ብርሃንን ይበልጥ እንዲያጥፍ ያደርገዋል፣ ቀለማትን ግን ያን ያህል እንዲበታትን አያደርገውም፤ ሌንስ ሠሪዎቹ የፈለጉት ይህንኑ ነበር። በምላሹ የቶሪየሙ ጨረር መስታወቱን ዓመት በቆጠረ ቁጥር ቢጫ፣ ቆይቶም ቡናማ ያደርገዋል።

የኔው የትኩረት ርቀቱ 178 ሚሊ ሜትር፣ የብርሃን ቀዳዳው ኤፍ/2.5 ነው፤ የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብርሃን ይበልጥ ይገባል። ኮዳክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ጦር አየር ኃይል ኬ-24 ለተባለው የአየር ካሜራ የሠራው ነው። ካሜራው 5 በ5 ኢንች ፊልም ላይ ያነሳ ስለነበር 4 በ5 ኢንች ፊልም የምንጠቀም ሰዎች ሙሉ ሽፋን እናገኛለን። ወደ 35 ሚሊ ሜትር ካሜራ ብንመልሰው 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ/0.7 ሌንስ እንደማለት ነው። እንደዚህ ዓይነት ሌንስ ማን ይሸጥላችኋል? ሰው የሚፈልገው ለዚህ ነው፤ እኔም የገዛሁት ለዚህ ነው።

ዕድሜውን ለማወቅ ቀለበቱ ላይ ካለው ቁጥር በፊት ያሉትን ሁለት ፊደላት ማየት ይበቃል። ኮዳክ ዓመተ ምሕረቱን «ካሜሮሲቲ» በሚል ቃል ደብቆ ይጽፍ ነበር፤ ሲ 1፣ ኤ 2፣ ኤም 3፣ ኢ 4፣ አር 5፣ ኦ 6፣ ኤስ 7፣ አይ 8፣ ቲ 9፣ ዋይ 0 ናቸው። የኔው «ኢ ኢ» ይላል፤ ስለዚህ የ1944 ሥራ ነው። «ኢ አር» ቢል 1945 ይሆን ነበር። የእንግሊዝ ከሆነ ደግሞ ዘውድና «ኤ ኤም» የሚሉት ፊደላት፣ ወይም ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት ትታያለች። ኤፍ.24 በተባለው ካሜራ ላይ ይገጠም የነበረው የዳልሜየር ፔንታክ፣ 8 ኢንች ኤፍ/2.9፣ የዚህ ቤተሰብ ነው፤ 4 በ5ንም ይሸፍናል። በጀርመን የጦርነት ዘመን ሌንሶች ላይ የፋብሪካው ስም ላይኖር ይችላል፤ በቦታው ሦስት ፊደል ታገኛላችሁ፤ «ቢ ኤል ሲ» ካለ ካርል ዛይስ ነው።

ስም ግን ሁሉን አይነግርም። ሁለተኛ የጦር ሌንስ የገዛሁት ግንባሩ ሰፊ፣ ብረቱ ከባድ ስለነበረ ብቻ ነው። ቤት ገብቼ ስሞክረው የሚሠራው ክብ ምስል ከመዳፌ አልበለጠም። ጦር ሠራዊት ለማነጣጠሪያም፣ ለፔሪስኮፕም፣ ለሌላም ብዙ ሌንስ ያሠራል፤ የሌንሱ ስፋት ከምስሉ ስፋት ጋር አይገናኝም። ሙቀት ለሚያዩ መሣሪያዎች የተሠሩም አሉ፤ መስታወታቸው ጀርማኒየም ስለሆነ ዓይን በውስጣቸው ምንም አያይም፣ ለፊልም አይሆኑም። ያኔ አምስት ደቂቃ የሚፈጀውን ሙከራ አድርጌ ቢሆን ገንዘቤ ይተርፍ ነበር። ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ፣ በመስኮት ከሩቅ የሚታይ ነገር በሌንሱ በኩል ነጭ ወረቀት ላይ እንዲወድቅ አድርጉ። ምስሉ ጥርት ሲል ከሌንሱ መሃል እስከ ወረቀቱ ያለው ርቀት የትኩረት ርቀቱን በግርድፉ ይነግራችኋል። ከዚያ የክቡን ስፋት ለኩ። ለ4 በ5 ፊልም ከጥግ እስከ ጥግ ያለው 153 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከዚያ ያነሰ ክብ ጥግ ያጠቁራል። ብርሃን የደረሰበት ሁሉ ደግሞ ጥርት ያለ አይደለም፤ ዳር ዳሩን በማጉያ መስታወት ተመልከቱት። በጣም ቀርባችሁ የምታነሱ ከሆነ ክቡ ይሰፋል፤ ዕቃው ፊልሙ ላይ በእውነተኛ መጠኑ ልክ እንዲወጣ ስታነሱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለሩቅ የማይበቃ ሌንስ ለቅርብ ሊበቃ ይችላል።

ወደ ኤሮ ኤክታሩ ልመለስ። ሻተር (ብርሃን ለቅጽበት አስገብቶ የሚዘጋው መክደኛ) የለውም፤ ሻተሩ ኬ-24 ካሜራው ውስጥ ነበር። ስፒድ ግራፊክ የተባለውን 4 በ5 ካሜራ የገዛሁት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከፊልሙ ፊት የሚወርድ የጨርቅ መጋረጃ አለውና እስከ 1/1000 ሰከንድ ያነሳል። ሌንሱ ከባድ ስለሆነ የካሜራው ፊት በክብደቱ ወደፊት ያዘነብላል፤ ከሥር ድጋፍ እስካደርግለት ድረስ ያተኮርኩት ቦታ ይሸሸኝ ነበር። በ2 ሜትር ርቀት ኤፍ/2.5 ላይ ጥርት የሚለው ውፍረት ስድስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዓይኑ ጥርት ያለ ሰው ጆሮው ሟሙቶ ይወጣል። ፊልሙን ለመክተት ስሽቀዳደም ተቀማጩ ትንሽ ወደፊት ከተነቀነቀ ፎቶው ጠፋ ማለት ነው። አሁን የሚነሳው ሰው ወንበሩ ላይ ጀርባውን በደንብ እንዲደገፍ ነው የማደርገው፤ ይህ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ረድቶኛል። ፎቶው ሲሳካ ግን ፊቱ ከኋላው ካለው ዓለም ተነጥሎ ሲወጣ ያየሁት በሌላ ሌንስ አይደለም።

ቢጫውን በተመለከተ፦ ጥቁርና ነጭ ለሚያነሳ ሰው ብዙም አይጎዳም፤ እንደ ቢጫ ማጣሪያ ሆኖ ሰማዩን ጠቆር ያደርግለታል። በቀለም ፊልም ግን ፎቶው ሁሉ ቡናማ ይሆናል፣ ብርሃንም ይበላል። ቢጫውን ለማንጻት አልትራቫዮሌት መብራት ከኋላው አስጠግቼ፣ ከፊት አሉሚኒየም ፎይል አድርጌ ሦስት ሳምንት ያህል አቆየሁት። ሙቀቱ መስታወቶቹን ያያያዘውን ሙጫ እንዳያላቅቅ በየቀኑ እየነካሁ እፈትሽ ነበር። አሁን ገለባ የመሰለ ቀለም ብቻ ቀርቶታል፤ ወረቀቱ ላይ ሳየው ደስ ይለኛል። የፀሐይ ብርሃንም ይሠራል፣ ጊዜ ግን ይወስዳል።

ጨረሩ ከሌንሱ ጀርባ ይበረታል። ለሰዓታት ፎቶ ማንሳት አያስፈራኝም፤ አልጋ አጠገብ አላስቀምጠውም፣ ያልታጠበ ፊልምም አጠገቡ አላሳድርም፣ መስታወቱንም በምንም ምክንያት አልፍቅም አልሰነጥቅም። ዱቄቱ ወደ ሳንባ ከገባ ነገሩ ሌላ ነው።

ዋጋን በተመለከተ ሰዎች ቢጫውን አይተው ያዋርዱታል፣ ይህ ስሕተት ነው፤ ቢጫ ይነጻል። ለመመለስ የሚከብደው ጉዳት የሙጫው መላቀቅ ነው፤ ዳር ላይ እንደ ዘይት ቀስተ ደመና ይታያል። ሻጋታም መስታወቱን ከበላ በኋላ ቢጠረግ ጠባሳው ይቀራል። የዲያፍራሙ (የብርሃን ቀዳዳውን የሚያጠበውና የሚያሰፋው ክፍል) ቅጠሎች ካልተንቀሳቀሱ፣ ወይም ሌንሱን ከአውሮፕላኑ ብረት ለማውጣት የመግጠሚያ ብሎን ጥርሶቹ ተቆርጠው ከሆነ ዋጋው መውረድ አለበት። ካሜራው ላይ ከሚያያይዘው ሰሌዳ ጋር የተገጠመ፣ የኋላ ክዳኑ ያለ፣ ለስፒድ ግራፊክ የተዘጋጀ ከሆነ ግን ተጨማሪ ሊከፈልበት ይገባል፤ ያ ሥራ እኔን ወር ፈጅቶብኛል። ትናንሽ የጽዳት ጭረቶች ፎቶ ላይ ሲታዩ አላየሁም፤ ለነሱ ብሎ ዋጋ ማጋነንም ማርከስም አይገባም። ሰብሳቢ ግን ያልተነካውን ያስበልጣል፤ ሳጥኑ፣ የኬ-24 ሰሌዳውና ማጣሪያዎቹ አብረው ካሉ ለሱ ሌላ ዕቃ ነው፣ ለኔ ደግሞ ያው ሌንስ።

ሁለተኛ ኤሮ ኤክታር ቢቀርብልኝ ሻጩን የምጠይቀው አንድ ፎቶ ነው፤ ዲያፍራሙ ሙሉ ተከፍቶ፣ የእጅ ባትሪ ከኋላ በሰያፍ በርቶበት የተነሳ።