የስታቲስቲክስ ኮርሱ ፈተና፣ አሳይመንትና ያቺ 10 ደቂቃ

የ8 ሳምንት የኦንላይን ስታቲስቲክስ ኮርስ ጨርሼ ሰርተፍኬቴን ከወሰድኩ 4 ወር አለፈኝ። አስተያየቴን ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው። ምን ያህሉ ጭንቅላቴ ውስጥ እንደሚቀር ማየት ፈልጌ ነበር።

ቪዲዮዎቹ አጫጭርና ግልጽ ናቸው፣ እነሱ ላይ ብዙ አልልም። ዋናው ነገር ውጤት አሰጣጡ ነው። ሳምንታዊ አሳይመንቶች 50 በመቶ ይይዛሉ፣ የመጨረሻው ፈተና 40፣ ቀሪው 10 ደግሞ ከአስተማሪው ጋር በቪዲዮ የሚደረግ የ10 ደቂቃ ጥያቄና መልስ ነው።

ፈተናው 40 የምርጫ ጥያቄ አለው። እያንዳንዱ 4 አማራጭ ስላለው፣ ምንም ያላነበበ ሰው እንኳ በግምት ቢመርጥ በአማካይ 10 ያገኛል። እኔ ሁለት ሌሊት ቸክዬ ገባሁና 36 አገኘሁ። በጣም ደስ አለኝ። ከወር በኋላ ግን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ይሄ ፒ ቫልዩ የሚሉት ምንድን ነው?» ስትለኝ ማስረዳት አቃተኝ (በእውነቱ ምንም ልዩነት ባይኖር፣ ያየነውን ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድል ነው)። ፈተናው ላይ እኮ በትክክል መልሼዋለሁ! ከ4 ዓረፍተ ነገር መሃል ትክክለኛውን መለየት ሌላ፣ ከራስ አውጥቶ መናገር ሌላ።

ፈተና ይቅር እያልኩ አይደለም። በየሳምንቱ መጨረሻ ውጤት የማይያዝባት፣ መልሱን በራስ ቃል የምንጽፍባት 5 ጥያቄ ያላት አጭር ፈተና ነበረች፤ እሷን በጣም ነው የወደድኳት። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የተሻለ አስታወሱ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ከማንበብ ይልቅ ያነበቡትን ለማስታወስ ራሳቸውን የፈተኑት በለጧቸው። እኔም እስከዛሬ የማስታውሰው እዚያች አጭር ፈተና ላይ ታግዬ የጻፍኩትን ነው።

አሳይመንቶቹ ጠንካራ ናቸው። 3ኛው ላይ የተሰጠን ዳታ ውስጥ የሰዎቹን አማካይ ዕድሜ ሳሰላ 112 ዓመት መጣብኝ። ደግሜ አሰላሁ፣ ያው ነው። ግማሽ ቀን ስፈልግ ቆይቼ፣ ዕድሜያቸውን ያልተናገሩ ሰዎች ቦታ ላይ 999 ተሞልቶ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ዳታውን በዓይኔ ሳላይ ምንም ነገር አላሰላም። ይህንን የትኛውም የምርጫ ጥያቄ አያስተምርም፣ አይለካምም።

ችግሩ የሠራው ማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ጽሑፍ የሚጽፈው የኤአይ ፕሮግራም ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለ ሪፖርት በደቂቃ ይጻፋል። 7ኛው አሳይመንት ደግሞ የቡድን ነበር፤ 4 ነበርን፣ የሠራነው 2 ብቻ ነን፣ አራታችንም እኩል ውጤት ወሰድን። ይሄ አሁንም ያናድደኛል።

ለዚህ ነው ያቺ 10 ደቂቃ የኮርሱ ምርጥ ክፍል የሆነችው። አስተማሪው 5ኛውን አሳይመንቴን ከፍቶ «የአንዱ ሰው ደሞዝ 100 እጥፍ ቢሆን የቱ ይነቃነቃል፣ አማካዩ ወይስ ሚዲያኑ?» አለኝ። አማካዩ አልኩ፤ ሚዲያን ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚገኘው ስለሆነ የአንዱ መብዛት ብዙም አያነቃንቀውም። «ታዲያ የአንዱ ደሞዝ ከሌሎቹ ሁሉ እንዲህ ርቆ እያየኸው ሪፖርትህ ላይ ለምን አማካዩን ብቻ ጻፍክ?» ዝም አልኩ። ሙሉ ነጥብ ያገኘሁበት ሥራ ነበር፣ ጉዳዩ የገባኝ ግን ያኔ ነው። የራሱን ሥራ ያልሠራ ሰው እዚህ ጋ ሁለት ጥያቄ አያልፍም፤ ሠርቶ ነገር ግን ፈተና ሲያይ የሚደነግጥ ሰው ደግሞ ስለሚያውቀው ነገር ስለሚያወራ ይረጋጋል።

10 በመቶ ብቻ መያዟ ያሳዝነኛል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ የምርጫ ፈተና በማሽን ወዲያው ይታረማል፣ 30 ተማሪ ለየብቻ ማናገር ግን 5 ሰዓት ይፈጃል። ቢሆንም የፈተናውን 40 ለሷ ቢሰጡ ሰርተፍኬቱ የበለጠ ክብደት ይኖረዋል ብዬ አምናለሁ።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት በመጨረሻው ፈተና ምክንያት ነው። ከተመዘገባችሁ የጥያቄና መልሱን ቀጠሮ በ5ኛው ወይም በ6ኛው ሳምንት ያዙ፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን አሳይመንቶች የምትሠሩበት መንገድ ይቀየራል።