ሁለት ጊዜ ፊርማቸውን ለነፈጉኝ መምህሬ

ባለፈው ወር የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ በተለምዶ ኤፍ ኤ ኤ የምንለው መሥሪያ ቤት፣ ለግል አብራሪነት ፈቃድ የሚሰጠውን የጽሁፍ ፈተና በ92 ከመቶ አልፌያለሁ። ይህን የምጽፈው ለዚህ ውጤት ያበቁኝን ግራውንድ ኢንስትራክተር፣ ማለትም የበረራን ንድፈ ሐሳብ መሬት ላይ የሚያስተምሩኝን መምህር፣ በአደባባይ ለማመስገንና ለዚሁ ፈተና በመዘጋጀት ላይ ያላችሁ አማርኛ ተናጋሪዎች እንዲህ ያሉ ሰው በመካከላችን መኖራቸውን እንድታውቁ ነው። ስማቸውን እንዳላወጣ አጥብቀው ስለነገሩኝ ከዚህ በኋላ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምጠራቸውም እንዲሁ ነው።

ወደ ጋሼ የሄድኩት ወድቄ ነው። ፈተናው 60 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት ምርጫ ያለው ሲሆን ለማለፍ 70 ከመቶ፣ ማለትም 42 ትክክለኛ መልስ ያስፈልጋል። እኔ መጀመሪያ ያገኘሁት 38 ነበር። ከዚያ በፊት ለሦስት ወራት ያህል በኢንተርኔት የሚሰጥ አንድ ኮርስ ተከታትዬ፣ የመለማመጃ ጥያቄዎቹን ደጋግሜ ከመሥራቴ የተነሳ 90 እና ከዚያ በላይ ማምጣት ለምጄ ነበር። ደንቡ ማንም ሰው ለፈተናው ከመቀመጡ በፊት ፈቃድ ያለው አስተማሪ ዝግጅቱን አረጋግጦ እንዲፈርምለት ያዛል፤ ኮርሱ ግን የመለማመጃ ውጤቴን ብቻ ተመልክቶ ፊርማውን በኢሜይል ላከልኝ እንጂ አንድም ሰው አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። እኔም ደስ ብሎኝ 175 ዶላር ከፍዬ ቀጠሮ ያዝኩ።

ፈተናው ላይ ስቀመጥ ጥያቄዎቹን ሁሉ የማውቃቸው መሰለኝ፤ ጉዱም እዚያ ላይ ነው። ለምሳሌ ከፍተኛ የአየር ግፊት ካለበት አካባቢ ዝቅተኛ ግፊት ወዳለበት እየበረረ አልቲሜትሩን፣ ማለትም የአየር ግፊትን ለክቶ ከፍታን የሚያሳየውን መሣሪያ፣ ያላስተካከለ አብራሪ፣ መሣሪያው ከሚያሳየው ከፍታ በታች እንደሚሆን በቃሌ ይዤ ነበር። ፈተናው አቅጣጫውን ገልብጦ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ሲለኝ፣ እኔ የዓረፍተ ነገሩን መልክ ብቻ አይቼ የለመድኩትን መረጥኩ። ይህን ያወቅሁት ከክፍሉ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። በእውነት ለመናገር ያን ቀን ያፈርኩት በመውደቄ ሳይሆን፣ ሦስት ወር ሙሉ አልቲሜትር ምን እንደሚለካ ሳልጠይቅ ስለ አልቲሜትር ጥያቄ ስመልስ መክረሜን በማወቄ ነው።

ጋሼን የጠቆመችኝ አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ ናት። ስደውልላቸው ስንት እንዳመጣሁ አልጠየቁኝም። «ልጄ፣ የሰጡሽን ወረቀት ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ያ የውጤት ወረቀት የትኛውን ጥያቄ እንደሳትን አይናገርም፤ የሚያሳየው ስህተቱ የተፈጠረበትን የትምህርት ክፍል የሚወክሉ ኮዶችን ብቻ ነው። እኔ አንድ ጊዜ አይቼ ምንም ስላልገባኝ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ነበር። እርሳቸው ግን ኤፍ ኤ ኤ በድረ ገጹ በነጻ ያስቀመጠውን የብቃት መመዘኛ ሰነድ ከፍተው፣ እያንዳንዱን ኮድ በጣታቸው እየተከተሉ ምን ማለት እንደሆነ በአማርኛ በደብተሬ ላይ አስጻፉኝ። ያን የመሰለ አሰልቺ ከሰዓት በኋላ አላሳለፍኩም፤ ሲያልቅ ግን 22ቱ ስህተቶቼ በዘፈቀደ የተበተኑ እንዳልነበሩ ገባኝ። አብዛኞቹ የተከማቹት በአየር ክልል፣ በአየር ጠባይና በአውሮፕላን አቅም ስሌት ላይ ነበር። በተግባር ፈተናው ዕለትም ፈታኙ በቃል ጥያቄው በእነዚሁ ደካማ ጎኖች ላይ እንደሚያተኩር ያስታወሱኝ እርሳቸው ናቸው፤ ወረቀቱን ወርውሬው ቢሆን ኖሮ ለሁለተኛ ጊዜ በዚያው ጉድጓድ ውስጥ መግባቴ አይቀርም ነበር።

የማስተማሪያ ዘዴያቸውን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። አንድ ጥያቄ ይሰጡኛል፤ ትክክለኛውን መልስ ስመርጥ «ደህና» ይሉና በእስክሪብቶ ይሰርዙታል። ከዚያ የቀሩትን ሁለት ስህተት ምርጫዎች እያሳዩ «ይኼኛው ትክክል የሚሆነው ጥያቄው ምን ቢል ኖሮ ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። ከፊት የሚመጣውን አየር የሚቀበለው ፒቶት ቱቦ ብቻ ቢደፈን የትኛው መሣሪያ ይበላሻል ለሚለው መልሱ የፍጥነት መለኪያው ብቻ ነው። ሦስቱም መሣሪያዎች፣ ማለትም የፍጥነት መለኪያው፣ አልቲሜትሩና የመውጣትና የመውረድ ፍጥነትን የሚያሳየው መሣሪያ የሚል ምርጫ ቢኖር ደግሞ፣ እርሱ ትክክል የሚሆነው የተደፈነው በዙሪያው ያለውን የአየር ግፊት የሚያስገባው የስታቲክ ቀዳዳ ቢሆን ኖሮ ነው፤ ሦስቱም ከዚያ ቀዳዳ አየር ይቀበላሉና። በዚህ መንገድ አንድ ጥያቄ ሦስት ጥያቄ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን ከስድስት ጥያቄ አንዘልም ነበር፤ እኔም በልቤ «በዚህ አካሄድማ ሽበት ያወጣብኛል» እያልኩ እበሳጭ ነበር።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን አማርኛን ለትምህርቱ ስለተጠቀሙበት መንገድ ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መናገር፣ መጻፍና መረዳት ራሱ ለፈቃዱ ከሚጠየቁት መስፈርቶች አንዱ ስለሆነ ጋሼ የመጨረሻውን መልስ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነበር የሚቀበሉኝ። ሆኖም ነገሩ እስኪገባኝ ድረስ የሚያስረዱኝ በአማርኛ ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ አማርኛው እንግሊዝኛው የደበቀውን ይገልጠው ነበር። ለምሳሌ የአሜሪካ የበረራ ደንብ ሌሊት ስለሚባለው ጊዜ ሲናገር እንደ ጉዳዩ ሦስት የተለያዩ ወሰኖች አሉት፤ እኔም ሦስቱን ሁልጊዜ እቀላቅል ነበር። ጋሼ ለሦስቱም የየራሳቸውን ስም አወጡላቸው። ፀሐይ ከጠለቀችበት እስከምትወጣበት ያለውንና የአውሮፕላኑ የአቀማመጥ መብራቶች መብራት ያለባቸውን ጊዜ «የመብራት ሌሊት» አሉት። ደንቡ ሲቪል የሚለው የማታው ወገግታ ካለቀበት የጠዋቱ ሲቪል ወገግታ እስኪጀምር ያለውንና አብራሪው በመዝገቡ ላይ የሌሊት በረራ ብሎ የሚጽፈውን «የመዝገብ ሌሊት» አሉት። ፀሐይ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት በኋላ ጀምሮ ከመውጣቷ አንድ ሰዓት በፊት የሚያበቃውን ደግሞ «የተሳፋሪ ሌሊት» ብለው ሰየሙት፤ ምክንያቱም በዚያ ጊዜ ሰው አሳፍሮ ለመብረር አብራሪው ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ በዚያው ሰዓት ሦስት ጊዜ ተነስቶ፣ ሦስት ጊዜም አርፎ ሙሉ በሙሉ የቆመ መሆን አለበት። እነዚህን ሦስት ስሞች ከሰማሁ ወዲህ አንድም ጊዜ አልተምታቱብኝም።

ስለ ነፋስ የነገሩኝም እንዲሁ አጭር ነው፤ «የተጻፈ እውነተኛ፣ የተነገረ ማግኔት»። በአየር ሁኔታ ዘገባ ላይ 18004 የሚል ቁጥር ብናነብ ነፋሱ ከ180 ዲግሪ በ4 ኖት (በሰዓት 4 የባህር ማይል) ይነፍሳል ማለት ሲሆን፣ ዲግሪው የሚቆጠረው ከእውነተኛው ሰሜን ነው። የመቆጣጠሪያ ማማው በሬዲዮ የሚነግረን ነፋስ ግን፣ የማኮብኮቢያዎቹ ቁጥር የወጣው በማግኔት አቅጣጫ ስለሆነ፣ እርሱም በማግኔት ነው። የዘገባውን ዓለም አቀፍ ሰዓት ወደ አካባቢ ሰዓት መቀየር ግን ብዙም አላስቸገረኝም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ስድስት ሰዓት ሲደምርና ሲቀንስ ላደገ አማርኛ ተናጋሪ ይህ የታወቀ ጨዋታ ነው።

በአቅም ስሌት ላይ ዴንሲቲ አልቲቲዩድ የሚባለውን፣ ማለትም አየሩ ከመሳሳቱ የተነሳ አውሮፕላኑ ያለበት የሚመስለውን ከፍታ፣ ያስረዱኝ በአንድ የፖስታ ጀርባ ላይ ሲሆን፣ ያ ፖስታ እስካሁን ደብተሬ ውስጥ አለ። ከባህር ወለል በላይ 4,000 ጫማ ላይ ያለ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ የአልቲሜትር ልኩ መደበኛው ግፊት 29.92 ኢንች የሆነበትና የሙቀት መጠኑ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰበት ቀን ነው ብለው ጻፉ። መደበኛው ሙቀት በባህር ወለል 15 ዲግሪ ሆኖ በየ1,000 ጫማው በ2 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ በዚያ ከፍታ 7 ዲግሪ መሆን ነበረበት። ልዩነቱ 25 ነው፤ እርሱን በ120 ስናባዛው 3,000 ይመጣል፤ በ4,000 ላይ ስንደምረው 7,000 ይሆናል። ይህ ግምታዊ ቀመር መሆኑን ነግረውኝ፣ እስክሪብቶውን አስቀምጠው «እንግዲህ ማረፊያው የቆመው 4,000 ላይ ነው፤ ሞተሩ፣ ፕሮፔለሩና ክንፉ ግን 7,000 ላይ ያሉ ነው የሚመስላቸው» አሉኝ። አየሩ ስለሳሳ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ እንደሚፈልግና ከተነሳም በኋላ ሽቅብ ለመውጣት እንደሚያቅተው ከዚያ ወዲህ ማንም እንዲያስታውሰኝ አላስፈለገም።

እንከን የላቸውም ለማለት አልደፍርም። የኤሌክትሮኒክስ ማስያ በፈተናው ላይ የተፈቀደ ሆኖ ሳለ፣ ኢ ስድስት ቢ የሚባለውን ክብ የካርቶን ማስያ በእጄ እያሽከረከርኩ እንድሠራ ለሦስት ሳምንታት አስገደዱኝ፤ ይህ ከልክ ያለፈ ነበር ብዬ አሁንም አምናለሁ። ለመልእክት መልስ አይጽፉም፤ ይደውላሉ፣ ያውም ሥራ ላይ እያለሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ፈተናውን ማለፍ ለሚፈልግ ሰውም ፈጽሞ አይሆኑም።

ፊርማቸውን በተመለከተ ግን ትክክል ነበሩ። ከወደቀ በኋላ እንደገና የሚፈተን ሰው ተጨማሪ ትምህርት ወስዶ አዲስ ፊርማ ማግኘት ግዴታው ነው፤ ጋሼም ይህን ፊርማ ሁለት ጊዜ ከለከሉኝ። በመጀመሪያው ጊዜ የጠየቁኝ ከ10,000 ጫማ በታች ባለው፣ ክላስ ኢ በሚባለው የአየር ክልል ዓይነት ውስጥ በዓይን እያዩ ለመብረር የሚያስፈልገውን የአየር ሁኔታ ነበር። 3 ማይል ዕይታ፣ ከደመና በታች 500 ጫማ፣ ከደመና በላይ 1,000 ጫማ፣ ወደ ጎን 2,000 ጫማ ብዬ እንደ ዳዊት ደገምኩላቸው። «ከ10,000 በላይስ?» አሉኝ። 5 ማይል፣ ከታችም ከላይም 1,000 ጫማ፣ ወደ ጎን 1 ማይል አልኩ። «ለምን ጨመረ?» ሲሉኝ ዝም አልኩ። ደብተራቸውን ዘግተው «ይኼንን ስታውቂ እንገናኝ» ብለው አሰናበቱኝ። ተናድጄ ነው የወጣሁት። መልሱን ያገኘሁት በማግሥቱ ሌሊት፣ ስለ ፍጥነት ገደብ የሚናገረውን ደንብ ሳነብ ነው፤ ከ10,000 ጫማ በታች ፍጥነት በ250 ኖት የተገደበ ሲሆን ከዚያ በላይ ያ ገደብ የለም። ከደመና ውስጥ ድንገት የሚወጣው አውሮፕላን የበለጠ ፈጣን ሊሆን ስለሚችል፣ አይቶ ለመሸሽ የሚያስፈልገው ርቀትም ይሰፋል። ሌሊቱን ደውዬ ልነግራቸው ቃጥቶኝ ነበር።

ሁለተኛውን ክልከላ አላብራራውም፤ በክብደትና በሚዛን ስሌት ላይ አንድ ጋሎን ነዳጅ 6 ፓውንድ እንደሚመዝን ረስቼ ጋሎኑን እንደ ፓውንድ ስለደመርኩ ነበርና ጥፋቱ ግልጽ ነው።

በፈተናው ዕለት ከ60ው 55ቱን መለስኩ። ወጥቼ ስደውልላቸው «እንኳን ደስ አለሽ» ካሉ በኋላ ቀጥለው የጠየቁኝ ስለ ቀሩት አምስቱ ነው። በቀጣዩ እሁድ ተቀምጠን የአምስቱን ኮዶች ትርጉም እንደ ልማዳችን በአማርኛ ጻፍን፤ ለዚያ ሰዓት ክፍያ አልተቀበሉኝም። ጋሼ አብሮ በመብረር የሚሰጠውን ትምህርት አያስተምሩም፤ ፈቃዳቸው የሚሸፍነው የመሬት ላይ ትምህርቱን ብቻ ስለሆነ ለበረራው ሌላ አስተማሪ መፈለግ ግድ ነው። የጽሁፍ ፈተናው ውጤት ግን ለ24 ወራት ስለሚያገለግል፣ እኔ እንዳደረግሁት ከበረራ ሥልጠናው ቀድሞ ወይም ጎን ለጎን መጨረስ ይቻላል።

ጋሼ፣ ይህን ጽሁፍ ልጆችዎ እንደሚያነቡልዎት አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከእርሳቸው ጋር መማር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እርሳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ፤ በአንድ ጊዜ የሚይዙት ተማሪ ጥቂት ስለሆነ ግን ተራ መጠበቅ ሊኖር ይችላል። ከዚህ በፊት ወድቃችሁ ከሆነ የውጤት ወረቀታችሁን አትደብቁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እርሱን ነው።